የግራ እጅ ድርሻ

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዕቃ ተሸክመው ከሚንገላቱ እኔ በግራ እጄ እሠራልዎት የለ?»

ይህን ያለኝ አብሮኝ የሚሠራው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ አምስት ገደማ ሲሆን የቆምነው ሐርጌሳ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆቴል የጓሮ በር ላይ ነበር። ከውስጥ የአንድ የወሎ ልጅ ሠርግ ተጠናቆ ሚዜዎቹ ወንበር ይሰበስባሉ። ልጁ መሣሪያውን በብብቱ ሸጉጦ ታክሲ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ቤዝ ጊታሬን በጀርባዬ አዝዬ፣ አምፕሊፋየሩን በቀኝ እጄ አንጠልጥዬ፣ የገመድ ቦርሳውን በጥርሴ ልይዘው ምንም አልቀረኝም። በንግግሩ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም። ቀን ቀን ሞባይል የሚጠግን፣ ማታ ከእኛ ጋር የሚሠራ፣ ዕቃዬን ሳልጠይቀው የሚያግዘኝ ጨዋ ልጅ ነው። አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነበር። በክፋት ቢናገረኝ ኖሮ መልስ አላጣም።

እውነቱን ነው። የዛሬ ኪቦርድ በግራ እጅ ሁለት ሦስት ጣት ጣል ካደረጉበት ከበሮውን ይመታል፣ ቤዙን ይጎትታል፣ ሲያሻው ዋሽንት ይጨምራል። አይደክመውም፣ እራት አይጠይቅም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድርሻ የለውም። በዚህ አገር የሠርግ ክፍያ በእጅ አይሰጥም፤ «ዛድ» በተባለው የሞባይል ገንዘብ ይላካል። ስልኬ ጢን ስትል ከአራት የተከፈለው ድርሻዬ ገባ ማለት ነው። ዘፋኟ፣ ክራር ተጫዋቹ፣ ልጁና እኔ። እኔ ባልኖር ለሦስት ይካፈሉት ነበር። ይህን ልጁ አልተናገረም፤ ግን ሒሳብ መምህር ነኝና ማካፈል አይጠፋኝም።

አንባቢ ይወቅልኝ፣ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ሐርጌሳ የመጣሁት በ2004 ዓ.ም. ለማስተማር ነው፤ እንጀራዬም እስከ ዛሬ ኖራና ጥቁር ሰሌዳ ነው። ቤዝ የያዝኩት ደሴ፣ የቀበሌ ኪነት ውስጥ፣ በ1979 ዓ.ም. ነበር። ልቤ የተመኘው ሊድ ጊታሩን ነበር። ነገር ግን ሊድ ጊታሩ ለአንድ ሹም የእኅት ልጅ ተሰጠ፤ ድራሙ ጉልበት ላለው ተሰጠ፤ እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ስለነበር አራት ወፋፍራም ክር ያለበት፣ ማንም ያልፈለገው መሣሪያ ተረፈልኝ። ከብዙ ቤዝ ተጫዋቾች ጋር ተጨዋውቼ ተመሳሳይ ታሪክ ሰምቻለሁ። ወድዶ ቤዝ የጀመረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ከጀመረ በኋላ ትቶት ሰላም ያገኘም እንዲሁ።

እስቲ ስለ ዕቃው ጥቂት ላውጋ። የጊታር ሰዎች ስለ ዕቃ መናገር ከጀመርን ማቆሚያ የለንም፤ አሰልቺ ከሆንኩ አንባቢ ሁለት አንቀጽ መዝለል ይችላል።

ጊታሬ አራት ክር ያለው አሮጌ ያማሃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ሰው በቅናሽ የገዛሁት ሲሆን በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር አሻግሬ አመጣሁት። ፍተሻው ላይ አንድ ባለ ሥልጣን ሣጥኑን አስከፈተኝና «እስቲ አጫውተው» አለኝ። አጫወትኩለት። ኤሌክትሪክ ያላገኘ ቤዝ ጊታር ደግሞ የትንኝ ያህል ድምፅ ነው ያለው። ሰውየው ጆሮውን አስጠግቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ተበላሽቷል ብሎ ከልቡ አዘነልኝና አሳለፈኝ። ያን ጊዜ ስቄበት ነበር።

መሣሪያው ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። ሊዮ ፌንደር የተባለ አሜሪካዊ ሬድዮ ጠጋኝ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ሲያቀርበው ያሰበው ኮንትራባስ ተሸክመው ለሚንገላቱ ሙዚቀኞች ነበር። ሰውየው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር ይባላል፤ በቁም ነገር ሲታይ ግን ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው። አንገቱ ላይ ፍሬት ደረደረበትና ጣት ከቦታው እንዳይስት አደረገ። ስሙንም ስለዚሁ «ፕሪሲዥን» አለው፤ ልክ የማይስት እንደ ማለት። ይህን ስም ወደ ኋላ የማነሣበት ምክንያት ይኖረኛል።

አምፕሊፋየርን በተመለከተ ያለኝ አስተያየት በእሳት የተፈተነ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ 300 ዋት የሚያወጣ ትልቅ አምፕሊፋየር ላከልኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ ከመኪና አወረደልኝ፤ ባለቤቴ ቡና አፈላች። ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰካሁት። አንድ ጊዜ «ቧ» አለና ከጀርባው ጭስ ወጣ፤ የዕጣኑን ሽታ ድል አድርጎ ቤቱን ሞላው። የአሜሪካ መብራት 110 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። አንዱ የሌላው እጥፍ መሆኑን ለማወቅ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃ ነበር፤ እኔ በዚያው ሳምንት ስለ ጥምርታ ያስተማርኩ ሰው ነበርኩ። የተቃጠለው ሣጥን አሁን የዕቃ ቤት መደርደሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ከዚያ ወዲህ የምይዘው 40 ዋት ብቻ ያለው፣ ባለ አሥር ኢንች ስፒከር ነው። በሐርጌሳ ለሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ትንሽ ስፒከር ይህን ዝቅተኛ ድምፅ በወጉ ማውጣት አይችልም፤ ከእርሱ በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ብቻ ያወጣል። የሰው ጆሮ ግን ደግ ነውና የጎደለውን ራሱ ይሞላል፤ ያልተሰማውን እንደ ሰማ ይቆጥራል። ስለዚህ ባለ አምስት ክር ቤዝ ገዝተው 31 ድረስ እንወርዳለን የሚሉ ወጣቶችን ሳይ፣ ሰፈራቸው ውስጥ ያንን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ስለሌለ፣ ለማይሰማ ነገር ክር እየገዙ ነው እላለሁ።

ድምፅ መቀነስ እዚህ ከተማ የጨዋነት ጉዳይም ነው። ሆቴሎቹ አዳራሽ ሲያከራዩን ከግቢው እንዳያልፍ ያስጠነቅቁናል፤ አዛን ሊሰማ ሲል ማንም ሳይነግረን እናቆማለን። ችግሩ ቤዝ ግድግዳ የማይገታው መሆኑ ነው። የወፍራሙ ክር ሞገድ ርዝመቱ ከስምንት ሜትር ይበልጣል፤ የብሎኬት አጥር ምን ያደርገዋል? ክራሩ፣ ዘፋኟ፣ ዕልልታው ሁሉ አጥሩ ላይ ሲቀር የእኔ ድምፅ ብቻ ተሻግሮ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ከሠርጉ ሁሉ ጎረቤት ጆሮ የሚደርሰው የእኔ ስሕተት ነው።

ሌላው አደጋ ኧርዝ የሌለው ሶኬት ነው። አንዴ ለዘፋኟ ልቀበላት ከንፈሬን ወደ ማይክራፎኑ ሳስጠጋ እንደ ጊንጥ ነደፈኝ። እጄ ክሩ ላይ፣ አፌ ማይኩ ላይ፤ በመካከል የነበርኩት ሽቦ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፃዊ ለመሆን አልሞከርኩም፤ አድማጭም የተጎዳ አይመስለኝም።

የቤዝ ክር ደግሞ ውድ ነው፤ ሐርጌሳ ውስጥ ሲፈለግ አይገኝም። ጃክና ገመድ የምገዛባት አንዲት ትንሽ ሱቅ ዋሂን ገበያ ውስጥ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኤፕሪል ወር መጀመሪያ ያ ታላቅ ገበያ በአንድ ሌሊት ሲጋይ አብራ ሄደች። ስለዚህ አሮጌውን ክር ፈትቼ ውኃ ውስጥ እቀቅለዋለሁ። የጣት ቅባትና አቧራው ሲለቅ ክሩ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ወጣትነቱ ይመለሳል። ዘዴው በመላው ዓለም የድሃ ቤዝ ተጫዋቾች ዘዴ ነው። እኛ ቤት ያለው ልዩ ችግር ለዚህ የሚበቃ ሰፊ ድስት አንድ ብቻ መሆኑና እርሱም የዶሮ ድስት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር የተነጋገርነውን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ልጁ ነገር ልመለስ። ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለመሆኑ እኔ እዚያ ባንድ ውስጥ ምን እሠራለሁ?

የእኛ አገር ሙዚቃ ቤዝን የሚያከብርበት ዘመን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው»ን ሲያወጣ ቤዙ ላይ መላኬ ገብሬ አለ። እነዚህን ሥራዎች አንባቢ ዛሬ ማታ ከፍቶ ዘፋኙን ትቶ ከሥር ያለውን ብቻ ቢያዳምጥ፣ ቤዙ ኮርድ እየቆጠረ የሚከተል አሽከር አለመሆኑን ይረዳል። የራሱ ዜማ አለው። በባህላዊ ባንዶች ውስጥም ቤዝ ክራር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ መጣ። ምሽት ቤቶች ከአሥር ሰው ባንድ ወደ ሁለት ሰው ወረዱ፤ ሠርጎቹም ተከተሉ። ከነፋስ መሣሪያው ቀጥሎ የተሰናበተው ቤዝ ነው። የኪቦርዱ ቤዝ ጥፋት የለበትም፤ አይሳሳትም፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ስሰማው አንድ ነገር ይጎድለኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ልጁን ለማሳመን የሚበቃ ቃል አልነበረኝም።

ቃሉን ያገኘሁት ከሌላ ሰው ነው።

ሐርጌሳ የሙዚቃ ከተማ እንደ ነበረች ብዙዎቻችን ሳናውቅ እንኖርባታለን። እኔም ለዓመታት የማውቀው አደባባዩ ላይ የተሰቀለውን የሚግ አውሮፕላን ብቻ ነበር። ያ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ይህችን ከተማ ከሰማይ ሲደበድብ ለተረፉት ማስታወሻ ነው። በዚያ ጊዜ የሬድዮ ሐርጌሳ ሰዎች የዘፈን ቅጂዎቹን ከጥፋት ለማዳን መሬት ውስጥ ቀብረዋቸው እንደ ነበር ኋላ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የሐርጌሳ የባህል ማዕከል በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ የድሮ ካሴቶችን ሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ እንዲህ ያሉ የሶማሊ ዘፈኖችን ያሰባሰበ አንድ አልበም ውጭ አገር ታትሞ ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደረሰ። ይህን አልበም ያዳመጥኩት በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ኦርጋን አለ፣ የነፋስ መሣሪያ አለ፣ ከሥር ደግሞ ቤዝ አለ! አጎቴን በሰው አገር መንገድ ላይ ያገኘሁት ያህል ደነገጥኩ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ማታ አብሮን የሚያስተምር የሥራ ባልደረባችን ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነና አንድ የሐርጌሳ ተወላጅ ጓደኛችን ግቢው ውስጥ ሽኝት አዘጋጀ። እኛን ጠራን። ከእኛ ሌላ ግን አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ከነከባናቸው ተቀምጠው ነበር። ከባን ሶማሊዎች ኡድን የሚጠሩበት ስም ነው። ሽማግሌው በ1988ቱ እልቂት ተሰደው ሀርተሼክ መጠለያ፣ ከዚያም ድሬዳዋ ዓመታት የኖሩ በመሆናቸው አማርኛውን ያንቆረቁሩታል፤ የድሬ አማርኛ ነውና «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ «አደር» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደ ማለት፤ እርሳቸው «ማዓሊን» ይሉኛል፣ መምህር እንደ ማለት።

ከባናቸውን ቃኝተው አንድ የድሮ የፍቅር ዘፈን ጀመሩ። ወዲያው ጆሮዬ ነቃ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ! አምስቱ ድምፆች የእኛው የትዝታ ድምፆች ናቸው። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም፤ እንግዳ ነኝ ብዬ በተቀመጥኩበት ቤት የእናቴን ድምፅ የሰማሁ ያህል ነበር። ጊዜ ሳላጠፋ ዶ ላይ ተቀመጥኩና ቤዜን እንደ ደሴ ልጅነቴ ገፋሁት። ኪቦርድ ተጫዋቹም የእኔን አይቶ ግራ እጁን ጣለበት፤ ከበሮው ተነሣ፤ ሐበሻው ሁሉ ትከሻውን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

ሽማግሌው ቆሙ። ጣታቸውን ክሩ ላይ አድርገው አፈኑትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ማዓሊን፣ ዘፈኔን የት ይዘህብኝ እየሄድክ ነው?»

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ስሕተት አልሠራሁም ነበር። አንድም ከአምስቱ ውጭ የሆነ ድምፅ አልነካሁም። እንዲህ ብዬም መለስኩላቸው። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና የቃላቸውን ያህል በዝግታ ዜማውን ብቻውን አንድ ጊዜ ደገሙልኝ። መጨረሻ ላይ ያረፉት ላ ላይ ነበር። ላን ሦስት ጊዜ መቱትና፣ «ቤቱ እዚህ ነው» አሉኝ።

ነገሩ ለሙዚቃ ሰዎች አዲስ አይደለም፤ ለእኔም በወረቀት አዲስ አልነበረም። የትዝታን አምስት ድምፆች ወስዳችሁ ከላ ብትጀምሩና ላ ላይ ብታርፉ የምታገኙት ትዝታ አይደለም፤ ያው አምስት ድምፅ ባቲ ይሆናል። ልዩነቱ ድምፆቹ ላይ ሳይሆን ማረፊያው ላይ ነው። ማረፊያውን ለአድማጭ የሚነግረው ደግሞ ማን ነው? ከባን ተጫዋቹ አይደለም፤ እርሱ ሁሉንም ድምፅ ይዞራቸዋል። ዘፋኙም አይደለም። ከሥር ሆኖ አንዱን ድምፅ የሚረግጠው ነው። እኔ ዶን ስረግጥ የሽማግሌውን ዘፈን፣ አንድ ማስታወሻ እንኳ ሳልለውጥ፣ ከሐርጌሳ ነቅዬ ደሴ ወስጄ ተክየዋለሁ። እዚያ የነበሩት ሐበሾች ደስ ያላቸውም ስለዚሁ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቤዝ ይዤ ይህ ሥልጣን በእጄ እንዳለ አላወቅሁም።

ይቅርታ ጠይቄ ላ ላይ ተቀመጥኩ። እርሳቸው እንደገና ጀመሩ። ልጁ ደግሞ ነገሩ ገብቶት ግራ እጁን ወደ ላ ማይነር አዛወረ። በዚህም ሽማግሌው ፊታቸው አልተፈታም። መሣሪያው ላ ማይነር ሲባል የራሱን ኮርድ ሙሉ በሙሉ ይደረድራል፤ ዜማው ያልጠየቀውን ድምፅ ሁሉ ከሥሩ ይጎዘጉዛል፤ ከባኑ ደግሞ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ይፈልግ ነበር።

በዚህ መካከል መብራት ጠፋ።

ኪቦርዱ ሞተ። ቤዙም ሞተ። የእኔና የልጁ ክርክር በአንድ ቅጽበት እኩል ለእኩል ተፈታ። ከባኑ ግን ቀጠለ፤ ምን ጎድሎበት! ጨለማው ውስጥ እጄ ዝም ብሎ ይጫወታል፤ ከራሴ በቀር የሚሰማኝ የለም። የፍተሻው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ከዚያ ደግሞ አንድ የደሴ ዘመን ዘዴ ትዝ አለኝ። አምፕሊፋየር ባልነበረን ጊዜ የጊታሩን ጭንቅላት ከቁም ሣጥን ጋር አስጠግተን እንለማመድ ነበር፤ እንጨቱ ንዝረቱን ተቀብሎ እንደ ክራር ገበቴ ያስተጋባዋል። ተነሥቼ ከጀርባዬ ወደነበረው ትልቅ የእንጨት በር ሄድኩና የቤዜን ጭንቅላት ሳንቃው ላይ ደገፍኩት።

በሩ ዘፈነ ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ግን ድምፅ አወጣ። ጥልቅና ደብዛዛ፣ ከበሮ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ሲመታ የሚመስል። ላ። ቆየሁ። እንደገና ላ። ከባኑ ወደ ሬ ሲሄድ ዝም አልኩ፤ ተመልሶ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ሽማግሌው በጨለማው ውስጥ «ሃ!» ሲሉ ሰማሁ። ሶማሊኛ ለሚያውቅ «ሃ» ማለት አዎን ማለት ነው። ሁለት ዘፈን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ኪቦርዱ በርቶ ልጁ በድንጋጤ ግራ እጁን ስለጣለበት ከበሮው «ዱም» ብሎ ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ እርሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እንጠጣለን። ቤዝ ጊታሩን እስከ ዛሬ አልወደዱትም፤ «ማዓሊን፣ ይህ ነገርህ የሆድ ሕመም ይመስላል» ይሉኛል። ፍሬቱንም አይወዱትም። ከባን ፍሬት የለውም፤ ጣት በጆሮ እየተመራ ቦታውን ይፈልጋል። «ደረጃ የተሠራለት ሰው መውደቅ አይማርም» ብለው ይሳለቁብኛል። ያ የፌንደር «ልክ የማይስት» ስም በዚያ ግቢ ውስጥ ብዙም አይከበርም። የሚያስተምሩኝ ትምህርት ደግሞ የሚያሳፍር ነው። ዘፈኑን ሁሉ አንድ ላ ብቻ ይዤ እንድጨርስ፣ መቼ እንደምመታው እንጂ ምን እንደምመታ እንዳላስብ ያደርጉኛል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ሠርቼ በላብ ተጠምቄ እወጣለሁ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሥራው ላይ ግን ምን ለወጠ? እውነቱን ልንገር፦ ከጥቂት ወራት በኋላ በርበራ ላይ አንድ የሐበሻ ሠርግ ተገኘ። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የተገኘችው መኪና ደግሞ ትንሽ ነበረች። ሦስቱ ተነጋግረው ዘፋኟ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እንዳይከፉብን፣ መኪናው አይበቃም» አለች። እኔም የፈተና ወረቀት ማረም አለብኝ ብዬ ጨዋ ውሸት ዋሸሁ። ማታውን ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቶ አንድም አላረምኩም። የበርበራ ሙቀት ክር ያዝገዋል፣ የእንጨት አንገት ያጣምማል፣ ባልሄድም ለዕቃዬ ደግ ሆነ እያልኩ ራሴን ሳጽናና አነጋሁ።

እሑድ ልጁ ቤቴ መጣ። ሠርጉ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት። «ጥሩ ነበር» አለ፤ «ሰዉ ልዩነቱን ያወቀ አይመስለኝም።» ይህን ሊሰማ የማይወድ ቤዝ ተጫዋች ብቻውን አይደለም፤ ሁላችንም የምንፈራው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። ቡና አቀረብንለት። ፊኛውን ሁለት ሦስት ጊዜ ካዞረ በኋላ ሳይጠየቅ ቀጠለ። ዘፋኟ አንቺሆዬ ስትጀምር መሣሪያው የሚጎዘጉዘው ኮርድ ከዜማው ጋር ተጣልቶበት የግራ እጁን ነገር ሁሉ በቁልፍ አጥፍቶት ነበር። ክራሩና ከበሮው ብቻ ቀሩ። «እርሷ ታዲያ ከመድረክ ወርዳ ምን አለችኝ መሰለዎት? የምቆምበት አጣሁ አለች።»

«ሰዉ ግን አላወቀም» አልኩት።

«ሰዉማ ይጨፍር ነበር።»

ሁለታችንም ቡናችንን ጠጣን። ከዚያ የመጪው ቅዳሜ ሥራ እዚሁ ሐርጌሳ መሆኑን፣ ክፍያው እንደ ወትሮው ለአራት እንደሚካፈል፣ የኪቦርዱን ቤዝ ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ቁልፍ ማግኘቱን ነገረኝ። ቁልፉን ከገዛ ጀምሮ አላየውም ነበር። እኔም አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ በትዝታ ጊዜ ኮርዱን ጭምር እንዲተውልኝ። ጥቂት አሰበና «እሞክራለሁ፤ ግን እጄ ይለምናል» አለ። እጅ እንደሚለምን እኔም አውቃለሁ፤ አሁንም ሽማግሌው ፊት ተቀምጬ ጣቴ ሳላዝዘው ወደ ዶ ይንሸራተታል።

ልጁን ሸኝቼ ተመለስኩና ክሮቹን መፍታት ጀመርኩ። ወጥ ቤት ስገባ ባለቤቴ ድስቱን ከኋላዋ ደብቃ ቆማ ነበር።

«ቅዳሜ ሥራ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«በስንት ይካፈላል?»

«በአራት።»

ድስቱን አቀበለችኝ። «በደንብ አጥበህ መልሰው፤ እሑድ እንግዳ አለብን» አለች።